የግድግዳው አይጥ

ደመቀ ሚስቱ ከመውለዷ በፊት ብሎ የጭቃ ቤቱን ግድግዳ አዲስ አስለሰነው። ሳምንት ሳይሞላው ከአልጋው ራስጌ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ተገኘ።

"ይሄ አይጥ ነው! ቆይ፣ አሳየዋለሁ!" አለና በቁጣ ገበያ ወርዶ የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጣ።

መርዙን በጥብጦ የጉድጓዱን ጠርዝ ሊቀባ ሲያጎነብስ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱ ይታይሽ ሮጣ እጁን አፈፍ አደረገችው።

"ተው! ልስኑን የበላሁት እኔ ነኝ!"

"አንቺ?"

"ሽታው አላስቀምጥ አለኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።"

ደመቀ መርዙን ራቅ አድርጎ ደፍቶ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አዋላጇ ደሟን አስመርምራ፣ "የብረት እጥረት አለባት። አፈር የሚያስበላትም እሱ ነው" አለችና ኪኒን ሰጠቻት።

ቤት ሲመለሱ፣ ሦስተኛ ልጇን ወልዳ እነሱ ዘንድ የምትታረሰው እህቱ ትብለጥ ሕፃኑን እያጠባች አገኟት። ደመቀ ጉዱን እየሳቀ ነገራት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከንፈሯ ላይ የቀረውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀስ ብላ ጠየቀችው፦

"ኪኒኑ ለአራስስ ይሰጣል?"