ቢያንስ፣ ቢበዛ

የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ የሚሠራው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፤ ጥልቀቱ ቢያንስ፣ በግምት፣ ቢበዛ። አንዷ ሣጥን ባዶ ከቀረች ፋይሉን አልቀበልም ይላል። መዝገቡ ስለጠፋ ባለሙያዋ ጉድጓዶቹን የቆፈሩትን ሽማግሌ ከኮምፒውተሯ አጠገብ አስቀምጣ የሚሏትን እየሰማች ትሞላ ነበር። ሽማግሌው በግምት ንፉግ አልነበሩም። «የወፍጮ ቤቱ? ቢያንስ ሠላሳ ሜትር በይው፣ ቢበዛ ሃምሳ። መሃሉን አንቺው ሙይው፤ የተማርሽው አንቺ!» እያሉ አሳቋት።

«የመጨረሻው፣ ከቤትዎ ጀርባ ያለውስ አባባ?»

«አርባ ሁለት ከሃያ።»

«እሺ፣ ቢያንስ ስንት ልበለው?»

«አርባ ሁለት ከሃያ።»

«ቢበዛስ?» አለች፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ።

ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው አዩዋቸው። ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ያረሳቸው የቆየ ጠባሳ ነበር።

«ልጄን ያወጣሁበት ገመድ አሁንም ቤት አለ» አሉ። «በየዓመቱ፣ በዚያች ቀን አውጥቼ እለካዋለሁ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።»

ባለሙያዋ ሦስቱንም ሣጥን በአንድ ቁጥር ሞላች። ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠይቅ ተቀበላት።