ወግ ነው

ጎረቤቱ «ለልጄ ሽማግሌ ሁንልኝ» ሲለው እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት ሄደ እንጂ፣ የይመኙሻልን ደጅ ላይረግጥ ምሎ ነበር። ዛሬ ለጋብቻ የምትጠየቀው የእሷ ልጅ ነች። ከሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተጣብቆ ተቀመጠ፤ በሩ ሩቅ ነው።

የልጅቷ አባት ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና፣ «እስቲ እንመካከርበት፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አለ።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የይመኙሻል አባት እሱ የላካቸውን ሽማግሌዎች የመለሱት በዚሁ ቃል ነበር። ሽማግሌዎቹ «ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም» ቢሉት፣ «ድሃ ስለሆንኩ ናቁኝ፤ ሁለተኛ እንዳትሄዱ!» ብሎ ከለከላቸው። የንቀት ሁሉ ስሙ ወግ ነው እያለ ሲብሰለሰል ኖረ፤ ሚስትም አላገባ።

«አየኸው? ዛሬም ያው ነው» አለ ከጎኑ ላለው ሽማግሌ፣ ምሬቱ አምልጦት ብድግ እያለ።

«ወግ ነው ጃል፣ ቁጭ በል!»

ይመኙሻል ጠላ ልትቀዳለት ጎንበስ አለች። ያላወቀችው መስሎት ነበር። ብርጭቆውን እየሞላች፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«የዚያን ጊዜ በሳምንቱ፣ አባዬ በግ አርዶ እስኪመሽ በር በሩን ሲያይ ዋለ» አለችው።