«የላም በረት» ያለው ማነው?

እዚህ ውጭ አገር፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር ካለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የገዛሁትን የቆየ የልጆች ተረት መጽሐፍ ለልጄ ለሄቨን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። እንደ ወጉ «ተረት ተረት» ብዬ ስጀምር፣ እሷ «ኦኬ ማሚ» ብቻ ትለኛለች።

ማክሰኞ ግን «የላም በረት» የሚል የልጅ ድምፅ መለሰልኝ። ሄቨን ዳቦ ጎርሳ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«እኔ አይደለሁም ማሚ፣ አይ ስዌር!»

ውሸት አልወድም። ታብሌቷን ፈተሽኩ፤ ተዘግቷል። አባቷ ታደገ እየቀለደ ይሆናል ብዬ እሱንም ጠረጠርኩ።

ቅዳሜ ሁለቱም ኮክረን ከተማ ወዳለው መዋኛ ሄዱ። በሩን ቆልፌ፣ መጽሐፉን ይዤ ሄቨን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተረት ተረት» አልኩ፣ ራሴን እየታዘብኩ።

«የላም በረት» አለኝ ከትራሱ በኩል። «ሄቨንስ የት ሄደች?»