ያልወጣው መስመር

ሠርካለም ከአክታው የበቀለውን ተህዋስ በመመርመሪያዋ ስስ ቁራጭ ላይ አንጠባጥባ ጠበቀች። ሁለት ቀይ መስመር ከወጣ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አንድ ብቻ ከወጣ ሌላ፣ የእሱ ዘመድ። አክታውን የሰጠው የቆሎ ተማሪ ዋልልኝ ተህዋሱ በቅሎ እስኪለይ አልቆየም፤ ከተቀበረ ሰንብቷል። መምህሩ የኔታ መዝገቡ ግን የቀሩት ተማሪዎቻቸው ነገር አስጨንቋቸው የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው ነበር።

ሁለተኛው መስመር አልወጣም። ሠርካለም ቀለል ብሏት ወጣች።

“አይስጉ የኔታ። ይሄኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጆቹ ደኅና ናቸው።”

“ተመስገን” ብለው አማተቡ። መቋሚያቸውን አንስተው ሊሄዱ ዞሩና ባሉበት ቀሩ።

“ዋልልኝ አብሯቸው ቢያድርስ ኖሮ፣ ልጄ?”

“ቢያድርም ምንም አልነበረም።”

የኔታ ግድግዳውን ተደገፉ። ሠርካለም የተናገረችው የገባት ያኔ ነው።

“በዚያን ጊዜ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር፣ የኔታ?” አለች።

“ከጓደኞቹ ለይቼ ራቅ አድርጌ ጎጆ ቀለስሁለት” አሉ። “የጉና ብርድ ሲጠናበት እየመጣ፣ ‘የኔታ፣ ከደጃፉ ሥር እንኳ ልተኛ’ ይለኝ ነበር።”