ቁልፍ ያላዳናቸው ዶሮዎች

"ዶሮዬን የት አደረስካት?!"

ጡረተኛው ሾፌር የጎረቤታቸውን የፀጉር አስተካካዩን በር በቡጢ ይደበድባሉ... በሌላ እጃቸው አንድ እፍኝ ላባ ይዘዋል።

ፀጉር አስተካካዩ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ወጣ።

"ጋሼ... እንደምን አደሩ?"

"የት አድሬ! ይቺ አራተኛዋ ናት!"

እውነትም አርረዋል።

ባለቤታቸው እትዬ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ሲሄዱ ዶሮዎቹን በአደራ ነው የሰጧቸው። "አንዷ ብትጎድል ውርድ ከራሴ!" ብለው በጣታቸው አስጠንቅቀው...

ቅዳሜ ይመለሳሉ። አሁን የቀረችው እንቁላል የታቀፈችው ብቻ ናት።

ጋሼ ያላደረጉት ነገር የለም። ዶሮ ቤቱን በሽቦ አጠሩ። ቁልፍ ገዙ። ሌላ ቁልፍ ደረቡበት። ባንክ እንኳን እንደዚያ አይቆለፍም!

ጠዋት ሲከፍቱ ግን... ላባ።

"ውሻህን ስላስባረርኩብህ ቂም ይዘህ ነው አይደል?" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ውሻ ጩኸታም ነበር። እትዬ በሄዱ ሰሞን ጋሼ "ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳን! ወይ እሱ ወይ እኔ!" ብለው ሠፈሩን ቀውጢ አደረጉት። ፀጉር አስተካካዩም ሰላም ይሻለኛል ብሎ፣ ሆዱ እየባባ፣ ውሻውን ለእህቱ ሰጠ።

አሁን አልተቆጣም። አፉን ተጉመጠመጠና "ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ" ብሎ ወደ ጓሮው ወሰዳቸው።

አጥሩ ሥር ጉድጓድ አለ። በጋሼ ዶሮ ቤት ትክክል... አፉ ላይ ላባ ተበትኗል።

"ሽለምጥማጥ ነው። ውሻዬ የሚተኛው እዚህ ነበር። የሚጮኸው ለካ ለዚህ ነው። እኔም ትናንት ነው ያየሁት... ልነግርዎ ስመጣ በር ዘጉብኝ።"

ጋሼ ላባውን ከእጃቸው ጣሉት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል... ይሄ ምስኪን ግን ሌባው ሳይሄድ ነበር የጮኸው!

ወዲያው ለእህትየው ተደወለ።

"ልጄ፣ ውሻውን መልሺልን!"

"ኧረ ጋሼ! እሱ ከመጣ ወዲህ አንድ ዶሮ አልጠፋብኝም። አልሰጥም!"

ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈኑት። ሽለምጥማጡ ከጎኑ ሌላ ማሰ። ጋሼ ምን ያድርጉ? ወንበር አውጥተው ራሳቸው ዘብ ቆሙ... ኮሽ ባለ ቁጥር "ሂድ! ውጣ!" እያሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ።

ፀጉር አስተካካዩ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

"ጋሼ... ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሌሊቱን ሙሉ እየጮሁ እንቅልፍ ነሱን!"

ከፀጉር አስተካካዩ ኋላ ሻንጣ መሬት ላይ ዷ አለ... እትዬ ናቸው።

ግቢውን ቃኙ። ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ።

"ለመሆኑ... ውሻው የት ሄዶ ነው አንተ የምትጮኸው?"

ወዳጆቼ፣ የሚጠብቀን ሁሉ ድምፁ አይጥምም። አንዳንዱ ይነዘንዛል፣ ይቆጣል፣ "የት አመሸህ?" ይላል። እኛ ደግሞ እሱን እናባርርና ቁልፍ እንገዛለን... ያናድዳል እኮ!

እናንተስ? "ሰላም ነሳኝ" ብላችሁ ያራቃችሁት፣ ከሄደ በኋላ ግን ይጠብቃችሁ እንደነበር የገባችሁ ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልን... ውሻም ከሆነ ይቆጠራል።