የትርንጎ ወንበር

ከአዲስ አበባ እስከ ሞምባሳ ያለውን መንገድ ከሠሩት መሐንዲሶች በላይ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከጓደኞቼ ጋር ባለሰባት ወንበር መኪና ተከራይተን እንሄዳለን። ዘንድሮም "ባለሰባቱን!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ጋሼ፣ ስድስት ናችሁ እኮ" አለ አከራዩ። "አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ መኪናው አይነሳም፤ ሕጉን ያውቁታል። ባለስድስቱን ይውሰዱ።"

ጓደኛዬ ጥላዬ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። "አንተ ሰው፣ ሚስትህን ቀብረናት የለም እንዴ?"

"የትርንጎን ወንበር አላስቀንስም!"

አከራዩ ወንበሩን ለአንዲት መንገደኛ ልጅ ሰጠው። ጥላዬ መሪውን ያዘ፤ ልጅቷ ከጎኔ ተቀመጠች። ጠመዝማዛው ሲጀምር፣ ትርንጎ መኪና ሲያዞራት የምታሸተውን ሎሚ እጄ እንደ ልማዱ አውጥቶ ዘረጋ።

"እኔን መኪና አያዞረኝም፣ አባባ" አለችኝ ልጅቷ።

አንበሳ ፊት ያልታጠፈው እጄ፣ ሎሚውን እንደያዘ ወደ ራሴ አፍንጫ ታጠፈ።