እታለማሁ የምትባል የለችም

ሽታዬ አይታት የማታውቃትን ሴት መጥላት የጀመረችው በፋሲካ ማግስት፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው የአማቷ ቤት ነው። ጠላውን የጠመቀችው እሷ ነበረች። አማቷ እማማ ምህረቴ ምላሳቸው ከሐሳባቸው የሚቀድም ሴት ናቸውና፣ አንድ ጊዜ ቀመስ አድርገው፣ «ኧረ የእታለማሁ እጅ!» አሉ። ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሽታዬ ወደ እንጅባራ እስኪመለሱ ጠብቃ ባሏን ያዘችው።

«እታለማሁ ማን ናት?»

«ድሮ ዳንግላ ሳለሁ ያገባኋት ናት። ተለያየን፣ አለቀ።»

«አሁን የት ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ አሳምነው።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትተወው ነበር። ሽታዬ ግን ቅናት ከያዛት እህልም እንቅልፍም የማይጥማት ሰው ናት። ለእሷ ድግስ አልተደገሰም። ጫጉላ አልገባችም። ጎጃም ውስጥ አማት ለሙሽራ የምታወጣውን ስም እንኳ እማማ ምህረቴ አላወጡላትም። አሳምነው ቤት ተከራየ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ገባች፣ በቃ። እታለማሁ ግን ሁሉም እንደተደረገላት እርግጠኛ ነበረች። በሐሳቧ ረጅም፣ ቀይ፣ ፀጉረ ዞማ አድርጋ ሠራቻትና ከዚያች ሴት ጋር ስትፎካከር ትውል ጀመር።

አሳምነው ከእንጅባራ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። አንዳንድ ቀን ተራ አልደረሰኝም እያለ መንገድ ላይ ዳንግላ ያድራል። ባለፈው ኪሱ የተቀደደ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ሄዶ፣ ኪሱ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ መጣ።

«ማን ሰፋልህ?»

«ልብስ ሰፊ።»

«ልብስ ሰፊ ጥቁር ክር ያጣል?»

በዚያው ሰሞን ደግሞ መንግሥት ወሳኝ ኩነት የሚሉትን ምዝገባ ጀመረ፤ ልደቱም፣ ጋብቻውም፣ ፍቺውም፣ ሞቱም ቀበሌ ይመዘገባል ተባለ። እኛም እንመዝገብ ብትለው «ምን ያስቸኩላል» ይላታል። ሆዷ እየገፋ ነው። ልጇ ከመወለዱ በፊት ባሏ የእሷ መሆኑን ማወቅ ነበረባት።

ስለዚህ አሳምነው ባሕር ዳር የሄደ ቀን እሷ ዳንግላ ሄደች። ከመናኸሪያው በጋሪ ተሳፍራ እሱ ድሮ ይኖርበት ከነበረው ቀበሌ ደረሰች። መዝገብ ክፍል ሶስና የምትባል አጭር፣ ጠይም፣ መነጽር ያደረገች ሴት ሰማያዊ ሽፋኑ የተገነጠለ ፋይል በመርፌ እየሰፋች ነበር።

«እህቴ፣ አንዲት ሴት እዚህ ተመዝግባ እንደሆነ ላጣራ ነበር» አለች ሽታዬ።

«ስሟ?»

«እታለማሁ።»

መርፌው ቆመ።

«የማን እታለማሁ?»

«የአባቷን ስም አላውቅም። የአሳምነው ሚስት የነበረች።»

«የነበረች» አለች ሶስና። ፋይሎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ አንድ በአንድ ገላለጠቻቸው። «እታለማሁ የምትባል የለችም። አላገባችም፣ አልፈታችም፣ አልሞተችም።»

«በእሱ ስምስ?»

«እሱን ለእኔ ተይው። መጀመሪያ አንቺ ተቀመጪና አጫውችኝ።»

ሻይ አስመጣችላት። መቼ ተገናኛችሁ፣ ቤታችሁ የት ነው፣ የትኛው የትኛው ቀን ቤት ያድራል፣ ፅንሱ ስንት ወሩ ነው እያለች ረጋ ብላ ጠየቀቻት። ሽታዬ እንዲህ ያዳመጣት ሰው አልነበረምና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አለቀሰችም። የሶስናም ዓይን እንባ አቀረረ። ምን ዓይነት ሆደ ቡቡ ሴት ናት ብላ ሽታዬ ወደደቻት።

«እኔ አንቺን ብሆን» አለች ሶስና ስትሸኛት፣ «እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ቀን አላድርም። እናትሽ ቤት ግቢና ውለጂ።»

«ያቺን ሴት ሳላገኝማ አልሄድም!»

ሽታዬ መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ሄደች። አግብታ ከነበረ ስሟ የት ገባ? አስፍቆት ነው፤ አሳምነው ሰው ለምኖ አስፍቆት ነው! እንግዲህ እውነቱን የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። ብቻዋን ብትጠይቃቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሶስና ፊት ብታቀርባቸው ግን፣ ያቺ አጠያየቅ የምታውቅ ሴት ታወጣጣቸዋለች።

በማግስቱ ዘንገና ወረደች።

«እማማ፣ ጋብቻችንን ልናስመዘግብ ነው። የወንድ ወገን ምስክር ያስፈልጋልና እርስዎ ዳንግላ ድረስ ቢመጡልኝ።»

«ዳንግላ?» አሉ እማማ ምህረቴ። «እንጅባራ ቀበሌ የለም እንዴ?»

«የእሱ ፋይል ያለው እዚያ ነው አሉ።»

አሮጊቷ ጓዳ ገብተው ቅቤ የሞላ ቅል ይዘው ወጡ።

«ይሁን፣ እግረ መንገዴን የማደርሰው አለኝ።»

ዳንግላ ላለ ዘመድ መሆኑ ነው፤ ለሽታዬ አንድ ቀን ጣት የሚያስነክር ቅቤ ሰጥተዋት አያውቁም። ይህም አንገበገባት። ቢሆንም ቅሉን ተቀብላ አዘለችላቸው፤ ሚኒባስ ላይ በመስኮት በኩል አስቀመጠቻቸው፤ ከጋሪው ስታወርዳቸውም ክንዳቸውን ያዘች።

መዝገብ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ሶስና ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አማቴን ይዤልሽ መጣሁ» አለች ሽታዬ በድል አድራጊነት። «ስለዚያች ሴት እሳቸውን ጠይቂልኝ!»

እማማ ምህረቴ ግን ቅሉን ከምራታቸው ጀርባ ተቀብለው፣ ጠረጴዛውን ዞረው ሶስናን አንገቷን አቀፏት፦ «እታለማሁዬ! አሳምነው ቅቤው አልቆብናል ቢለኝ ጊዜ፣ ይኸው ይዤልሽ መጣሁ።»